ልቧ እየፈራ እጇ የሠራች እናት

 

የዛሬው ትምህርታችን ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ «ባዮፕሲ ያስፈልግሻል» ለተባለች እህት ነው። ቀጠሮው እስኪደርስ እንቅልፍ አጥታ፣ ሌሊቱን ስልኳ ላይ ስለ ካንሰር ስታነብ ለምታድር፤ ይባስ ብሎም «ኢማኔ ቢጠነክር ኖሮ እንዲህ አልፈራም ነበር» ብላ ራሷን ለምትወቅስ።

እህቴ፣ የሙሳን (ዐ.ሰ) እናት አስታውሺ። አላህ (ሱ.ወ) ሕፃኑን ወደ ወንዙ እንድትጥለው ሲያዛት እንዳትፈራና እንዳታዝን ነግሯታል፤ እንደሚመልስላትም ቃል ገብቶላታል። እንዲያም ሆኖ ልቧ ባዶ እንደሆነ፣ አላህ ባያጠነክራት ኖሮ ምስጢሩን ልታወጣው ተቃርባ እንደነበር በሱረቱል ቀሶስ እናነባለን። ቃል የተገባላት እናት ይህን ያህል ከተጨነቀች፣ ውጤቷን ገና የማታውቅ እህት መጨነቋ ምን ይገርማል? መፍራትሽ ኢማንሽ ለመጉደሉ ማስረጃ አይሆንም።

የሙሳ እናት ግን ፈርታ አልተቀመጠችም። እህቱ ከሩቅ እንድትከታተለው ላከቻት። ልቧ እየፈራ የሚቻላትን አደረገች፤ የቀረውን ለአላህ ሰጠች። ተወኩል ይኸው ነው። ለአንቺም ዛሬ የሚቻልሽ ነገር ከቀጠሮሽ አለመቅረት ነው።

የማናውቀው ነገር ሁልጊዜ ያስፈራልና ምርመራውን እንወቀው። ባዮፕሲ ማለት ከእብጠቱ ትንሽ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በመርፌ ይወሰዳል። ወፈር ያለ መርፌ ከሆነ ቦታውን ያደነዝዙታል። ማደንዘዣው ሲገባ ለአፍታ ያቃጥላል፤ ከዚያ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ፣ ጫን የማለት ስሜትም ይኖራል። በመርፌ የሚወሰደው በአብዛኛው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቅና በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ። ለጥቂት ቀናት ቦታው ሊበልዝና ትንሽ ሊያም ይችላል።

በወጣት ሴቶች ጡት ላይ የሚወጡ እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ እብጠት በዚህ ዕድሜ በብዛት ይታያል። ካንሰር ቢሆን እንኳ ቀድሞ ሲደረስበት የመዳን ዕድሉ ይሰፋል። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ከሐኪም አያዘግይሽ፤ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል።

እስከዚያው ድረስ፦

1. ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ጻፊ። ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ማን ይነግረኛል? የደም ማቅጠኛ የምትወስጂ፣ ነፍሰ ጡር የሆንሽ ወይም አለርጂ ያለብሽ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ።

2. ሴት ሐኪም እንድትመረምርሽ ጠይቂ። ካልተገኘች ግን በሐያእ ምክንያት አትቅሪ፤ ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል መግለጥ በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። እናትሽን ወይም እህትሽን ይዘሽ ግቢ።

3. ከዒሻ በኋላ ስለ በሽታው ማንበብ አቁሚ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ አንቺም በዚሁ ዱዓ ተኚ። ጭንቀቱ ምግብና እንቅልፍ ከነሳሽ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ ይህም ሕክምና አለው።

4. ዛሬ ጁምዓ ነው። ብዙ ዑለማዎች ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት ከዐስር በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት ናት ይላሉ። ፍርሃትሽን ሳትደብቂ፣ በራስሽ ቋንቋ ለአላህ ንገሪው።

ወንድሞች ሆይ፣ እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ ይህን ስትነግራችሁ «ምንም የለም፣ አታካብጂ» አትበሏት። «ስንት ሰዓት ነው? አብሬሽ እሄዳለሁ» በሏት። ውጤት በምትጠብቅባቸው ቀናትም ደውሉላት።

አላህ ውጤት ለሚጠብቁ እህቶቻችን ልባቸውን ያጽናላቸው፤ ለታመሙትም ሁሉ ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።