የዒልም አማና፦ ከአንጀኒ እስከ ጉንደ ወይን



የዚህ እትም ትምህርታችን በየክፍሉ «ዘላቂነት» እየተባለ የሚነሳውን ጉዳይ ይመለከታል። ቃሉን ስንሰማ ለብዙዎቻችን የሚታየን በግቢው የሚተከል ችግኝ፣ የሚጠፋ አምፖል፣ የሚዘጋ ቧንቧ ነው። ይህም ቀላል አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጣጥሞ በሚይዘው እፍኝ ያህል ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር እያወቅን፣ ቧንቧ ሙሉ ከፍተን ወሬ የምናወራ ካለን ኢስራፍ ውስጥ ነን። ዛሬ ግን ብዙ የማይነሳውን ጥያቄ እናንሳ፦ የምንሠራው ምርምር ራሱ ዘላቂ ነው ወይ?

ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሦስት ነገሮች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት መሆኑን ከሐዲስ ተምረናል። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ «የሚጠቀሙበት» የሚለው ነው። በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የመመረቂያ ጽሑፍ ዲግሪ አስገኝቶ ይሆናል፤ ሰደቀቱል ጃሪያ ለመሆን ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ለምሳሌ ጉንደ ወይንን እንውሰድ። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳውን በሰሜን ከደቡብ ጎንደር የሚለየው ዐባይ ነው። በክረምት ከምሥራቅ ጎጃም ማሳዎች የሚታጠበው አፈር መንገዱ ወደዚያው ወንዝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም በዚያው በዐባይ ላይ ቆሟል። ስለዚህ የመሬት መሸርሸር፣ የእርከን ሥራ፣ የደን መመናመን በዚህ አካባቢ ለተማሪ የተመቹ ርእሶች ናቸው። ተማሪው መጠይቅ ይዞ ይመጣል። ገበሬው ከአውድማው ተነስቶ ስንት ጥማድ በሬ፣ ስንት ልጅ፣ ስንት ጥማድ መሬት እንዳለው፣ እርከን ሠርቶ እንደሆነና ስለምን እንዳፈረሰው ይናገራል። ተማሪው አመስግኖ ይሄዳል። ውጤቱ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ይጻፋል፣ ይመረቅበታል፣ አለቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ከገጠር የመጣን ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገንም፤ አባቶቻችን መልስ ሰጥተውበታል።

በዚያው በጎጃም ግን ሌላ ዓይነት ምርምርም ነበር። ምዕራብ ጎጃም፣ ደምበጫ አካባቢ አንጀኒ የሚባል ትንሽ ተፋሰስ አለ፤ ስፋቱ 113 ሄክታር ገደማ ነው። የስዊሱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 የጀመረውና ሃንስ ሁርኒ የመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1984 እዚያ ጣቢያ ተከለ። ሥራው ለማየት የሚስብ አይደለም። ዝናብ ይለካል፣ የወንዙ ከፍታ ይመዘገባል። ጎርፍ መጥቶ ውሃው ሲደፈርስ በየ10 ደቂቃው አንድ ሊትር ይቀዳል፤ ጠራ ማለት ሲጀምር በየ30 ደቂቃው። የተቀዳው ተጣርቶ፣ አፈሩ ደርቆ ይመዘናል። ይህ በየክረምቱ፣ ዓመት ከዓመት ይደገማል።

ምን ተገኘበት? በአንጀኒ መረጃ ላይ ከተሠሩ ጥናቶች እንደምንረዳው ወንዙ በአንድ ሊትር ብዙ አፈር የሚይዘው በክረምቱ መግቢያ፣ ማሳው ታርሶ ገና ባዶ ሳለ ነው። ሰብሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ ያው ወንዝ፣ ውሃው ቢበዛም፣ የሚይዘው አፈር ይቀንሳል። እንግዲህ በነሐሴ አንድ ሳምንት ወርዶ የለካ ሰው ምን ብሎ እንደሚጽፍ አስቡት። በትምህርት ካሌንደራችን ምክንያት በጥር ወይም በየካቲት ለሚወርደውማ ጎርፉ ራሱ የለም!

እርከኑም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አንጀኒ ላይ የተሠራው «ፋንያ ጁ» ይባላል፤ ቃሉ የስዋሂሊ ሲሆን ወደ ላይ መወርወርን ያመለክታል። ቦዩ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ዳገቱ በኩል ይጣላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገበሬው የሚያየው የጠበበ ማሳና በሬ ለማዞር የሚያስቸግር ድንበር ነው፤ ማሳው እየተስተካከለ እንደ ደረጃ የሚሆነው አፈሩ ከእርከኑ በላይ ለዓመታት ሲጠራቀም ነው። በሁለተኛው ዓመት የሄደ ተመራማሪ የገበሬውን ምሬት ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ምሬቱ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው።

ጌቴ ዘለቀና ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት የደምበጫ አካባቢ ጥናት ደግሞ የተፈጥሮ ደኑ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ እንደነበረ፣ በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። የሚታረሰው መሬት በዚያው ዘመን ከ39 ወደ 77 በመቶ አድጓል። ይህን ማወቅ የተቻለው የ1957ቱን የአየር ፎቶግራፍ ሳይጥል ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ወደ እኛው ዒልም ስንመጣ፣ የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናድ የሌለውን ቃል አይቀበሉም ነበር። ማን ሰማ፣ ከማን ሰማ፣ ሰሚው የታመነ ነው ወይ፣ ተገናኝተዋል ወይ? የእኛስ ቁጥሮች? ማን ለካው፣ የትኛው ማሳ ላይ፣ በየትኛው ቀን፣ በምን መሣሪያ? ብዙ መረጃ የሚሞተው በውሸትነቱ ሳይሆን ኢስናዱ በመቋረጡ ነው፤ ፍላሹ ይጠፋል፣ አማካሪው ይቀየራል፣ ቁጥሩ ባለቤት አልባ ይሆናል። ሙስሊም ተማሪ ይህን የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይገባም። ገበሬው የነገረን አማና ነው። በጎንቻ አብዛኛው ገበሬ ክርስቲያን ጎረቤታችን ነው፤ አማና ደግሞ የባለቤቱን ሃይማኖት አይጠይቅም።

አንድ ችግር ግን በኢስናድ ብቻ አይፈታም፤ ገንዘቡ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ጣቢያዎቹ ወደ አገር ውስጥ ተቋማት ተላለፉ፣ ልኬቱም መቆራረጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የውሃና መሬት ሀብት ማዕከል እነዚህን ጣቢያዎች መልሶ ለማቆም ሠርቷል፤ ያለፈው ክረምት ግን ተመልሶ አይለካም። በውጭ ድጋፍ ብቻ የቆመ ዒልም ድጋፉ ሲነሳ ይወድቃል። የወሎዎቹ ዳና፣ ገታና ጀማ ንጉሥ ደረሳ ያስተማሩት በፕሮጀክት አልነበረም፤ ገበሬው ከጎተራው ቀንሶ ደረሳውን ያበላ ነበር። ለምን ቢሉ ከዚያ የወጣው ዒልም ልጁን ያቀራለታል፣ ኒካሑን ያስርለታል፣ ጠቡን ያስታርቅለታል። የሚጠቅመውን ደግሞ ሕዝብ ራሱ ያቆየዋል።

እኛም ጽሑፋችንን ለማቆየት መንገድ አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ምርምር ናድሬ በሚባለው ብሔራዊ የዲጂታል ማከማቻ እንዲገባ ይጠይቃል። የመመረቂያ ሥራችሁን ስታስረክቡ ወደዚያ መግባቱን የትምህርት ክፍላችሁን ጠይቁ፤ ሰንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ጥሬ መረጃውንም የመጠይቁን ቅጂም አያይዙ። የሰዎቹን ስም ግን አውጡ፤ የሰውን ገመና መሸፈንም ከአማናው ነው።

በዚህ ዕረፍት ወደ ጉንደ ወይን፣ ቢቸና ወይም ሞጣ የምትሄዱ፣ ያለፈ ዓመት ሥራችሁን በአንድ ገጽ አማርኛ አድርጋችሁ ያዙ። ምን ጠየቅን፣ ስንት ሰው መለሰ፣ ምን አገኘን፣ ያልገባንስ ምንድን ነው? አንዱን ቅጂ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስጡ። ሌላውን እሑድ ገበሬው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ወይም ለስብሰባ ሲቀመጥ አንብቡለት፤ ለማንበብ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን አትቸኩሉ፤ «እዚህ ላይ ተሳስታችኋል» የሚል ሽማግሌ አይጠፋምና ብዕርና ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ።

ወላሁ አዕለም።