መሠዊያ፣ ድንኳን፣ ጉድጓድ፦ በከሚሴና በአካባቢዋ ከጎረቤት ጋር ስለ መኖር

የትምህርቱ መነሻ፦ ዘፍጥረት 26፥17-33



ይስሐቅ በጌራራ ሸለቆ ጉድጓድ ባስቆፈረ ጊዜ የአገሩ እረኞች ተከራከሩት። ሌላ አስቆፈረ፤ ስለ እርሱም ተጣሉት። ሁለቱን ትቶ ሄደና ጠብ ያልተነሣበትን ሦስተኛውን ርኆቦት አለው። ከዚያም በቤርሳቤህ መሠዊያ ሠራ፣ ድንኳን ተከለ፣ ሎሌዎቹም ጉድጓድ ማሱ (ቁ. 25)። እምነት፣ ኑሮና ልማት በአንድ ቁጥር ተያይዘው ተጽፈዋል።

1. የምናገለግልበት ምድር

በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከባቲ እስከ ጅሌ ጥሙጋ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊምና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው፤ የእኛ ምእመናን በቍጥር ጥቂት ናቸው። የባቲ የሰኞ ገበያ ኦሮሞውን፣ አፋሩን፣ አማራውንና አርጎባውን በአንድ ሜዳ ያገናኛል።

የወሎ ሕዝብ ይህን ልዩነት የሚሸከምበት የቆየ ልማድ አለው። ሞት በደረሰ ጊዜ ቅሬው ሃይማኖት ሳይለይ ይወጣል፤ መቃብሩ የተለያየ ቢሆንም መቆፈሩና ማጽናናቱ የጋራ ነው። በሠርግና በተዝካር ክርስቲያኑ ለሙስሊም እንግዶቹ ከብት ይሰጣል፤ እነርሱም በሥርዐታቸው ያርዳሉ። ደም በፈሰሰ ጊዜም የአባጋር ሥርዐት የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች አስቀምጦ ያስታርቃል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ማዕዱ ተለየ እንጂ ጉርብትናው አልተለየም። ወሰኑ የታወቀና የተከበረ ስለ ሆነ ማንም እምነቱን ሳይደብቅ በጎረቤቱ ደጅ ይቀመጣል።

2. የተዘነጋ ልማድ አይጠብቅም

ታሪካችን ሁሉ ግን የሰላም አይደለም። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገድደዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአጣዬና በጅሌ ጥሙጋ አካባቢ በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፣ ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ብዙዎችም ተፈናቅለዋል። ስለዚህ «አብረን ኖረናል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ አብሮ መኖር በየዕለቱ ሥራ ይጠበቃል።

3. ከራሴ ስሕተት የተማርሁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር አጥቢያ ምንጭ ሲጎለብት የውኃ ኮሚቴውን ስም ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። አምስቱንም አባላት ከሰበካ ጉባኤው ብቻ መረጥሁ። በምርቃቱ ቀን ማንም አልተቃወመም፤ ሙስሊም ሽማግሌዎችም መጥተው፣ ቡና ጠጥተው፣ መርቀው ተመለሱ። ክረምቱ ሲያልፍ ግን አጥሩ ፈርሶ፣ ከብት ምንጩን አደፍርሶት አገኘሁ፤ የሚጠግን አልነበረም። የቅሬው ዳኛ የሆኑ አንድ ሙስሊም አባት፣ «ዲያቆን፣ ሬሳችንን አብረን እንሸከማለን፤ ውኃውን ግን ለብቻችሁ አደረጋችሁት» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም፤ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኮሚቴው በቅሬው ስብሰባ እንደ ገና ተመረጠ፤ ሴቶችም ገቡበት፤ ውኃ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና። አጥሩም በደቦ ታጠረ።

4. ለአጥቢያ አገልጋዮች

ይስሐቅ ከአቢሜሌክ ጋር ሲማማል መሠዊያውን አላፈረሰም። ግብር አበላው፣ በሰላምም ሸኘው። እኛም ሃይማኖትን ከሃይማኖት አንቀላቅልም፤ ነገር ግን ፕሮጀክት ከመጻፋችን በፊት ከቅሬው ጋር እንቀመጥ። ስብሰባው በዓርብ የጁምዓ ሰዓት ወይም በእኛ በዓላት ቀን አይሁን። ማብሉም የእያንዳንዱን ሥርዐት ይጠብቅ። የእህል ርዳታ ሲከፋፈል መለኪያው ችግር እንጂ ሃይማኖት አይሁን፤ የተረጂዎች ዝርዝርም በሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ፊት ይነበብ።

ለውይይት
- በአጥቢያችን ካለው የልማት ሥራ የትኛው ኤሴቅ፣ የትኛው ርኆቦት ነው?
- የኮሚቴያችንን አባላት የመረጠው ማን ነው? ያልተጠየቀውስ?
- ወሬ በተነሣ ሌሊት ቀድመን የምንጠራው ሙስሊም ሽማግሌ ማን ነው? እርሱስ ከእኛ ማንን ይጠራል?

ሰዎቹ ተማምለው በሰላም በተለያዩበት በዚያው ቀን የይስሐቅ ሎሌዎች መጥተው «ውኃ አገኘን» ብለው ነገሩት። ለእኛም እንዲሁ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።