የገደል ማሚቶና የዋይፋይ ፓተንት

በመንዝ፣ በሞላሌ አካባቢ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ከማዶ ሲመለስ ይሰማዋል። ቃላቱን ነጣጥሎ ቢጣራ ከማዶ ያለው ይረዳዋል፤ ቢያጣድፈው ግን የፊተኛው ቃል ማሚቶ በኋለኛው ላይ ይደረብና መልእክቱ ይጠፋል። ዋይፋይ የተባለውን ሽቦ አልባ መረብ የገጠመውም ችግር ይኸው ነበር። የመፍትሔው ባለቤትነት ደግሞ ብዙ ኩባንያዎችን ለፍርድ ቤት አብቅቷል።

እስቲ እናስላው። የሬድዮ ሞገድ በ1 ማይክሮ ሰከንድ 300 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ከግድግዳ ተንጸባርቆ 30 ሜትር ተጨማሪ መንገድ የሄደ ሞገድ በ0.1 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያል። በሰከንድ 20 ሚሊዮን ቢት አንድ በአንድ ብንልክ እያንዳንዱ ቢት የሚቆየው 0.05 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ ማሚቶው ሁለት ቢት ዘግይቶ ይደርሳል ማለት ነው።

የሬድዮ አስትሮኖሚ ተመራማሪው ጆን ኦሱሊቫንና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያው ብሔራዊ የሳይንስ ተቋም፣ በሲሳይሮ፣ የደረሱበት መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ፓተንት አገኘ። ሐሳቡ ሦስት ነገሮችን ያጣምራል፦ መረጃውን በብዙ ሞገዶች ላይ አከፋፍሎ እያንዳንዱን ቀስ ብሎ መላክ፣ ስሕተት የሚያርም ኮድ መጨመር፣ እንዲሁም የቢቶቹን ቅደም ተከተል ማደባለቅ።

አንድ ፓተንት ለስታንዳርድ «የማይታለፍ» የሚባለው ስታንዳርዱን አክብሮ ሳለ ፓተንቱን ሳይነካ ዕቃውን መሥራት የማይቻል ሲሆን ነው። ይህን የሚመረምር ሰው የፓተንቱን ርእስም ሆነ ሥዕል ትቶ የመብቱን ወሰን የሚያጥሩትን ዓረፍተ ነገሮች ይወስዳል፤ ክፍል በክፍል ፈትቶም ከስታንዳርዱ አንቀጾች ጎን ያስቀምጣቸዋል። በ1999 የጸደቀው 802.11ኤ መረጃውን በ48 ንዑስ ሞገዶች ያከፋፍላል፤ አንዱ ምልክት 4 ማይክሮ ሰከንድ ይቆያል፤ ከዚህም 0.8ቱ ማሚቶው እስኪያልፍ የሚጠበቅበት ነው። ኮዱም ማደባለቁም በስታንዳርዱ ግዴታ ናቸው። ሦስቱም ገጠሙ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል፣ ወይም ስታንዳርዱ ለአምራቹ ምርጫ የተወው ቢሆን ኖሮ፣ ፓተንቱ የማይታለፍ ባልሆነ ነበር።

ሲሳይሮ በ2009 ከ14 ኩባንያዎች ጋር ተስማምቶ ክፍያ ተቀበለ፤ የአሜሪካው ፓተንት በ2013 ዘመኑ አበቃ። ነገር ግን ሁሉም እንዲህ አይደለም። «ፓተንቴ የማይታለፍ ነው» ብሎ የሚያስመዘግበው ባለቤቱ ራሱ ሲሆን ስታንዳርድ አውጪው ድርጅት እውነትነቱን አያጣራም። ዝርዝሩን አይቶ ብቻ የሚከፍል ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሚዛን ሳያይ እህል እንደሚሸምት ነው።

ታዲያ ይህ እኛን ምን ይመለከተናል? ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። በእኛ አገር በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ዘመኑ 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በኢትዮጵያ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ስለዚህ እዚህ ያልተመዘገበ ፓተንት እዚህ የሚሠራን አምራች አይከለክልም። ያው አምራች ዕቃውን ፓተንቱ ወደተመዘገበበት አገር ሲልክ ግን ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። የዚያን ጊዜ ከላይ ያየነውን ማነጻጸር የሚሠራለት መሐንዲስ ያስፈልገዋል።

ለልምምድ ያህል፦ ሦስቱን ክፍሎች የያዘ ሌላ ፓተንት «ከአንድ በላይ አንቴና ያለው» የሚል አራተኛ ክፍል ቢኖረው፣ ለ802.11ኤ የማይታለፍ ይሆን ነበርን?