የመሬት መንሸራተትና ጥንቃቄው

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ፤ ሲቆፍሩ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው።

በቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ የሚገኝ ጥልቅ አፈር ለቀናት ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ከሥሩ ካለው አለት ጋር ያለውም መያያዣ ይላላል። ዛፉ ከተመነጠረ አፈሩን የሚያስር ሥር አይኖርም። ለቤት ወይም ለመንገድ ተብሎ ግርጌው ሲቆረጥ ደግሞ ደጋፊው ይነሣል።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞች በክረምት ከመንደር በላይ ያለውን ተዳፋት እየዞሩ እንዲመለከቱ እናሳስባለን። እንደ ማጭድ የተቆለመመ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ፣ አልዘጋ ያለ በር፣ ድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ ከታየ ሰውና ከብት በዚያው ቀን ይልቀቁ። ዝናቡ አባርቷል ተብሎ ወዲያው አይመለሱም፤ ውሃው ገና በአፈሩ ውስጥ ነውና።

ውሃ የሚያቁር እርከን በሌላ ቦታ የምንመክረው ቢሆንም በተሰነጠቀ ተዳፋት ላይ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። በበጋ ስንጥቁ በሸክላ አፈር ተጠቅጥቆ ይደፈን፤ ከበላዩም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር።

ናዳ ከወረደ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት በጅምላ አይግቡ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት ይሁኑ፤ የቀረው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ውጭ ይቁም። አንድ ሰው ቁፋሮውን ትቶ ሽቅብ ተዳፋቱን ብቻ ይጠብቅ። እሱ ሲጮህ ሁሉም ወደ ጎን ይሽሽ እንጂ ቁልቁል አይሩጥ።