ሥራና ትምህርት በአንድ ትከሻ፦ ተመልሳ ስለምትማር ነርስ



በቡና አገራችን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ዕረፍት የማይታወቅባቸው ናቸው። ቡናው ይቀላል፤ ለቀማው ይጀመራል፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ዝናቡ ሲያባራ በቆላውና በወይና ደጋው ቀበሌ ወባ ይነሣል፤ በጤና ጣቢያው ደጃፍ የሚሰለፈውም ሕዝብ ይበዛል። ብዙ ኮሌጆች አዲስ ተማሪ የሚመዘግቡትም በዚሁ ሰሞን ነው። እንግዲህ በየቡ ወይም በአካባቢው ባለ ጤና ጣቢያ የምታገለግል አንዲት ነርስ ትምህርቷን ለመቀጠል ስትነሣ፣ ቤቷም ሥራዋም ትምህርቷም በአንድ ወር ይጠሯታል።

አበው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ። ታዲያ ይህች እኅታችን ትምህርቷን መተው ይኖርባታልን? አይደለም። ነገር ግን ሸክሙ በእርሷ ትከሻ ላይ ብቻ ሲቀር፣ ጉዳቱ ከእርሷ አልፎ ወደ በሽተኛው እንደሚደርስ ልናስተውል ይገባናል። የዚህ ትምህርት ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

፩. ተመልሶ መማር አዲስ ነገር አይደለም

በአገራችን የጤና ሙያ ታሪክ ውስጥ ሥራ ይዞ ተመልሶ መማር የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ ድሬሰርና ጤና ረዳት ይባሉ ከነበሩት ባለሙያዎች መካከል ብዙዎች በኋላ ተምረው ነርሶች ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ወደ ቀበሌ ከወጡት ሴቶች ልጆቻችንም ብዙዎቹ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ለከፍተኛ ደረጃ ሥልጠና ወደ ክፍል ተመልሰዋል።

ጅማና አካባቢዋ በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን በክፍል ብቻ ሳይወስን ወደ ኅብረተሰቡ እየላከ ማስተማርን መሠረቱ ያደረገ ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ትምህርት ከበሽተኛው ርቆ የሚቀመጥ ነገር እንዳልሆነ በአካባቢያችን ከተጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

፪. የነርሶች ጠባቂ የሆነው ጎልማሳ ተማሪ

ቤተ ክርስቲያን የነርሶች ጠባቂ አድርጋ የሰየመችው ቅዱስ ካሚሎ ዴ ሌሊስ ራሱ ሠራተኛም ተማሪም ነበረ። በወጣትነቱ ወታደርና ቁማርተኛ ነበር። በእግሩ ላይ በነበረው የማይድን ቁስል ምክንያት ወደ ሮማው ቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ገባ፤ በዚያም በሽተኞችን ማገልገል ጀመረ፤ ኋላም የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ሆነ። ዕድሜው ወደ 32 ዓመት ሲጠጋ ከትናንሽ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ላቲን ይማር ነበር። ልጆቹም «ዘግይተህ መጣህ» እያሉ እንደ ቀለዱበት ይነገራል። እርሱ ግን አላፈረም፤ እ.ኤ.አ. በ1584 ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ።

ከዚህ ቅዱስ ሁለት ነገር እንማራለን። በዕድሜ ከፍ ብሎ ከወጣቶች ጋር መቀመጥ የሚያሳፍር አይደለም። ደግሞም ካሚሎ የተማረው ከበሽተኞች ለመሸሽ ሳይሆን እነርሱን በበለጠ ለማገልገል ነበር።

፫. ሰዓቱን ቈጥሮ መጀመር

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የሁለት ልጆች እናት የሆነችና ቅዳሜና እሑድ ጅማ ሄዳ የምትማር ነርስ በምሳሌነት እንውሰድ። በቀን 7 ሰዓት ብትተኛ በሳምንት 49 ሰዓት ይሆናል። መደበኛ ሥራዋና ተጨማሪ ተረኝነቷ 48 ሰዓት ይወስዳሉ። የሁለቱ ቀን ትምህርት 16፣ መኪና መጠበቁና መንገዱ 4፣ በቤት የምታጠናበት ደግሞ 12 ሰዓት ነው። ድምሩ 129 ሰዓት ይሆናል። የሚተርፋት 39 ሰዓት ነው፤ ይኸውም በቀን አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ገበያ መውጣት፣ ልጆችን ማስጠናት፣ ለቅሶ መድረስ፣ መጸለይ፣ ሁሉም ከዚህች አምስት ሰዓት ተኩል የሚወጡ ናቸው። በዚህ ላይ ልጅ ቢታመም ወይም የቡናው ለቀማ ሰው ቢያጣ ሰዓቱ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከእንቅልፏ ይወሰዳል። ከሥራ መቅረት ያስቀጣል፤ ከክፍል መቅረት ውጤት ያበላሻል፤ እንቅልፍ ሲቀነስ ግን ወዲያው የሚቈጣ አለቃ የለም።

፬. እንቅልፏ የበሽተኛው ድርሻ ነው

ያለ ማቋረጥ 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የማስተዋልና የመፍጠን ችሎታው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣች ነርስ ቀን ሳታርፍ ለአዳር ተረኝነት ብትገባ፣ ወደዚህ ደረጃ የምትደርሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱ ገና ከፊቷ አለ።

በዚያ ሰዓት በጽኑ ወባ የተያዘ ሕፃን ቢመጣ፣ የአርቴሱኔት መርፌ መጠን በክብደቱ ይሰላል፤ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ሕፃን በኪሎ 3 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ ለሆነ በሽተኛ ደግሞ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም ነው። ሕፃኑን መመዘን፣ ማባዛት፣ መድኃኒቱን መበጥበጥ፣ ከ12 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ መድገም፣ በርክክብ ጊዜም ለተተኪዋ በትክክል መንገር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የደከመ አእምሮ እንዲሠራው መጠየቅ ለሕፃኑም ለነርሷም አደጋ ነው። ስለዚህ ነርሷ ዕረፍት ስትወስድ ከሥራዋ እንደ ሰነፈች አንቍጠረው። እንቅልፏ ለበሽተኛው ከምትሰጠው እንክብካቤ አንዱ ክፍል ነው።

፭. ከመመዝገብ በፊት

ለመማር የምታስቡ የጤና ባለሙያዎች ሆይ፣ የሚከተሉትን አስቀድማችሁ ፈጽሙ።

የመጀመሪያው፣ ተቋሙ ለዚያ ትምህርት ዓይነትና ለዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ያለው መሆኑን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማረጋገጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ስለ ሆነበት፣ ወረቀት ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ልፋትን ከንቱ ያደርጋል።

ሁለተኛው፣ ከነርሶች ኃላፊያችሁ ጋር መነጋገር ነው። የትምህርቱን ቀንና የፈተናውን ሳምንት በጽሑፍ አስታውቁ፤ የተረኝነት ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊትም ልውውጥ ጠይቁ። የአዳር ተረኝነት በማግስቱ ከሚሰጥ ፈተና ጋር እንዳይገናኝ ለምኑ። የባልደረባችሁን ተራ ስትወስዱም ብድሩን በጊዜው መልሱ።

ሦስተኛው፣ የገንዘቡ ነገር ነው። የምዝገባ ክፍያ ብዙ ጊዜ ቡናው ከመሸጡ በፊት ይመጣል። የዕቁብ አባል የሆነ ሰው ዕጣው በምዝገባው ወር እንዲደርሰው አስቀድሞ ከማኅበርተኞቹ ጋር ተራ ሊለዋወጥ ይችላል። ለክፍያ ሲባል ብቻ ተጨማሪ ተረኝነት መደራረብ ግን ከላይ የተናገርነውን እንቅልፍ መሸጥ ነው።

፮. የቤተሰብና የቁምስና ድርሻ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ ባል፣ አማት፣ ታላቅ ልጅና ጎረቤት ከእነዚያ 39 ሰዓቶች ጥቂት ጥቂት ቢካፈሉላት ሸክሙ ይቀላል። ባል ለልጆቹ እራት ማቅረቡ ውርደት አይደለም። ከአዳር ለገባች ነርስ ቤቱን ዝም ማሰኘት ትልቅ ምጽዋት ነው። ቀን ተኝታ ስታዩ «ምን ነካት?» አትበሉ፤ ለቡናም ቢሆን አትቀስቅሷት።

ካቴኪስቶች ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ የቀረችውን ነርስ ከመውቀሳቸው በፊት ምክንያቷን ይጠይቁ። በሽተኛን ትቶ መሄድ የማይቻልበት ተረኝነት በቂ ምክንያት ነው። ትምህርት ላለባት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሕግ (ቀኖና 1248) በዋዜማው ምሽት በሚደረግ ቅዳሴ መሳተፍ የእሑድን ግዴታ እንደሚፈጽም ይደነግጋል። የቅዳሜ ምሽት ቅዳሴ ባለበት ቁምስና ይህን ያስታውቋት። ቁምስናውም ጸጥታ ያለውና መብራት ያለው አንድ ክፍል ማታ ማታ ለሚያጠኑ ቢከፍት፣ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

የዛሬዋ ደካማ ተማሪ ነገ በበለጠ እውቀት የልጆቻችንን ሕመም የምትለይ ነርስ ናት። ዛሬ ብናግዛት ነገ የምንታከመው እኛው ነን።

ለቡድን ውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ) በቁምስናችን ሥራና ትምህርት አጣምሮ የያዘ ሰው አለን? ከሳምንቱ ሰዓት የትኛውን ልንካፈልለት እንችላለን?

ለ) በየቤታችን ከአዳር ሥራ ለሚመለስ ሰው የዕረፍት ሰዓት ይከበራልን?

ሐ) ከቅዱስ ካሚሎ ሕይወት በጎልማሳነት መማር ለሚያፍር ሰው የሚጠቅመው የትኛው ነው?