ቤት ትምህርት ቤት ሲሆን

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘዳግም 6፥4-9፤ ዘጸአት 18፥13-23፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5



ባለፉት ዓመታት ልጆቻችን ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው በቤት የዋሉበት ጊዜ ብዙ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ጥሎ ተሰደደ፤ በደቡብ ወሎ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘረፉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ በብዙ ወረዳዎች የትምህርት ቤት ደጆችን ዘግቶአል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በወሎ ገጠር ከትምህርት ገበታ የተለየች ልጃገረድን ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ያለ ዕድሜዋ መዳር ወይም ወደ ዐረብ አገር መሰደድ ነው። ወንዱንም ልጅ በጅቡቲ በኩል ባሕር አሻግርሃለሁ የሚል ደላላ ያገኘዋል። ለአንድ ዓመት የተቋረጠ ትምህርት እንዲሁ ተቋርጦ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ በዚህ ጥናት የምንጠይቀው፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ቀኑን በእምነትና በሰላም እንዴት ያዘጋጀው? የሚለውን ነው። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ በቤት አስተምሩ ማለታችን ግን አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጁ ዝግጁ ሆኖ እንዲመለስ ነው።

1. ትእዛዙ ለቤት የተሰጠ ነው

በዘዳግም 6 ሙሴ ቃሉን ለልጆች የማስተማርን ሥራ ለወላጆች ሰጠ። ጊዜውንም ሲያመለክት ሰው በቤት የሚቀመጥበትን፣ በመንገድ የሚሄድበትን፣ የሚተኛበትንና የሚነሣበትን ሰዓት ጠቀሰ። ለትምህርቱ ሌላ ቀን አልፈጠረለትም፤ ባለው ቀን ውስጥ አስገባው እንጂ። ብዙ ወላጆች የሚደክሙት በዚህ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱን ሰዓት ደወል በደወል ወደ ቤት ሊያመጡት ይሞክራሉ፤ ውኃው፣ ከብቱ፣ ምጣዱም ይጠራቸዋል፤ በሦስተኛው ቀን ቁጣ ይገባል፤ በሳምንቱ ነገሩ ይቀራል። በዘጸአት 18 ዮቶር ሙሴን የመከረው ሸክሙን እንዲያቀልል ነው። ምክሩ ለቤታችንም ይሠራል።

2. ቀኑ የሚጀምረው ማታ ነው

በዘፍጥረት 1 ማታ ከጧት በፊት ተቆጥሮአል። የሰላም ጧትም በዋዜማው ይዘጋጃል። ውኃው ማታ ከተቀዳ፣ ደብተሩና እርሳሱ በአንድ ቦታ ከተቀመጡ፣ ነገ ማን ከብት እንደሚያወጣ ከተነጋገራችሁ፣ ጧት በጩኸት አይጀመርም።

3. ሦስት ምሰሶዎች

ቤት በጥቂት ምሰሶ ይቆማል፤ ቀንም እንዲሁ ነው። ሦስት ይበቃሉ።

የመጀመሪያው የጧት ምሰሶ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሥራ ሳይበታትናችሁ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቃሉን ስሙና ጸልዩ። ጌታችንም ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ይጸልይ እንደ ነበር በማርቆስ 1፥35 እናነባለን። ለሳምንቱ አንድ ጥቅስ ብቻ ይያዝ፤ ታናሹ ልጅ እስኪያውቀው ድረስ ታላቁም ይድገመው።

ሁለተኛው የቡና ምሰሶ ነው። ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ሰዎች የሚቀመጡበት ሰዓት አለ። በአቦል ንባብ፣ በቶና ጽሕፈት፣ በበረካ ሒሳብ ይሁን። ለታናናሾች ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ታላላቆች ከዚያ በኋላ በመጽሐፋቸው ይቀጥሉ። ልጁ ደስ እያለው ቢነሣ ነገም ይመለሳል። ፊደል ጠፋበት ብሎ በኩርኩም ማስተማር ግን ፊደሉን እንዲጠላ ያደርገዋል፤ ሐዋርያው በኤፌሶን 6፥4 አባቶችን ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የማታ ምሰሶ ነው። ከራት በኋላ እያንዳንዱ ልጅ በቀኑ የተማረውን በራሱ ቃል ይናገር። የተጣሉ ይታረቁ፤ ከዚያም ጸሎት ይሁን። መብራት ቢጠፋም ይህ ምሰሶ በጨለማ ይቆማል።

በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ሥራም ያስተምራል። ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ ልጅ ጥቅሱን ማሰላሰል፣ ገበያ የምትወርድ ልጅም የጨውንና የዘይትን ዋጋ መደመር ትችላለች። በአጨዳ ወራት የቡናው ምሰሶ ቢወድቅ አትታወኩ፤ የጧቱንና የማታውን ያዙ። እሑድ ደግሞ ዕረፍት ይሁን።

ነገር ግን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናችኋለን። በትምህርቱ ሰዓት ውኃ የምትቀዳው ማን ናት? ወንዶቹ ተቀምጠው ሲያነቡ ሴት ልጅ ጀሪካን ተሸክማ ከሆነ፣ ሰላሙ በእርሷ ድካም የተገዛ ነው። ሥራው በተራ ይከፈል።

4. ማንበብ የማይችል ወላጅ

«እኛ ፊደል አልቆጠርንም፤ ምን እናስተምራለን?» የሚሉ አሉ። ማስተማር ማንበብ ብቻ አይደለም። ልጁ ያንብብ፣ እናት ትስማ፤ ከዚያም «ምን አለ? ማን ነው የተናገረው?» ብላ ትጠይቀው። የሚጠየቅ ልጅ ተጠንቅቆ ያነብባል። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ተጽፎአል። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜም በመላው አገር ብዙ ጎልማሶች ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ፊደል ቆጥረዋል። ስለዚህ እናትም ከልጅዋ ጋር ሀሁ ብትል ነውር የለበትም።

ከቢስቲማ ሩቅ ባልሆነው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርትን ያስተምሩ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በእጅ የሚጻፍ ብርቅ ነገር ነበረና የተማሪው ሀብት በቃሉ የያዘው ነበር። ይህ ለዛሬም ይጠቅመናል። በ2014 ዓ.ም. የሸሸ ልጅ ደብተሩን ጥሎ ሊወጣ ይችል ነበር፤ በልቡ የያዘውን ግን በመንገድም፣ በመጠለያም ይዞት ይሄዳል።

5. የጎረቤት ልጅ

በቢስቲማ እንደ ወሎ ሁሉ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቡናም አብረው ይጠጣሉ። በቡናው ሰዓት የጎረቤት ልጅ ሊማር ቢመጣ በደስታ ተቀበሉት። ፊደሉንና ሒሳቡን ያለ ምንም ግዴታ ስጡት፤ የጸሎታችሁን ሰዓት እንዲካፈል አታስገድዱት፤ ወላጆቹም የምታስተምሩትን ይወቁ። ፍቅር ወጥመድ አይዘረጋም።

6. ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች

ሠራተኛ ወደ ቤት ሲገባ የታተመ ሰሌዳ ይዞ አይግባ። አስቀድሞ የቤቱን ቀን ይጠይቅ፦ ውኃው ስንት ሰዓት ይወስዳል? ቡና መቼ ይፈላል? ገበያው በየትኛው ቀን ነው? ከዚያም ሦስቱን ምሰሶዎች ከቤተ ሰቡ ጋር ያኑር፤ በሁለት ሳምንትም ተመልሶ ይጐብኝ። የፊደል ገበታ፣ ደብተርና እርሳስ፣ ቢቻል የፀሐይ መብራት ማድረስ ትልቅ እርዳታ ነው። ጉባኤው ደግሞ ማንበብ የሚችል አንድ ወጣት ለሦስት ወይም ለአራት ቤት ይመድብ። ከአካባቢው መምህራን ጋር ተመካከሩ፤ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ቀን የትኛው ልጅ እንደ ተመዘገበ፣ የትኛዋ ልጅ እንደ ቀረች ቈጥራችሁ ፈልጓት።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

ሀ. በዘዳግም 6 የተጠቀሱት ጊዜያት በእናንተ ቤት የትኞቹ ናቸው?
ለ. በቤታችሁ ጧት ጩኸት የሚያመጣው ምንድር ነው? በዋዜማው ምን ቢደረግ ይቀላል?
ሐ. የሴት ልጃችሁ ቀን ከወንድ ልጃችሁ ቀን በምን ይለያል?
መ. በጉባኤያችሁ ከትምህርት ቤት የቀሩ ልጆች እነማን ናቸው? በዚህ ሳምንት ማን ይጐበኛቸዋል?

በአንድ ጊዜ ሁሉን አትጀምሩ። በዚህ ሳምንት አንዱን ምሰሶ አቁሙ፤ ሲጸና ሁለተኛውን ጨምሩ። የሰላም አምላክ ከቤታችሁ ጋር ይሁን።