ጂኦሜትሪን በቤት አሠራር ማስተማር



የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የፓይታጎረስን ቴዎረም አንድ ቃል ሳልስት በቃሌ እወጣው ነበር። በዚያው ዓመት በመንደራችን ቤት ሲሠራ ገመድ ያዥ ሆኜ ረዳሁ። አራቱንም ጎኖች በጥንቃቄ ለክተን 6 በ4 ሜትር የሆነ መሠረት አወጣን። ይሁን እንጂ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ሲመታ በአንዱ ጫፍ ተረፈ፣ በሌላው አጠረ፤ ማዕዘኖቹ ተንሻፈው ነበርና። ስሕተቱን ሊያርም የሚችለው ዕውቀት በደብተሬ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን በእጄ ከያዝኩት ገመድ ጋር ከቶ አልተገናኘም። ይህ ክፍተት በልጆቻችን እንዳይደገም፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለምትረዱ ሁሉ ሦስት ትምህርቶችን አቀርባለሁ።

1ኛ. ክቡ ጎጆ

ጎጆ የሚሠራ ሰው መካከል ላይ ችካል ተክሎ፣ ገመድ አሥሮ መሬቱን ይከብባል። ችካሉ የክቡ ማዕከል፣ ገመዱም ራዲየስ ነው። ገመዱ 3 ሜትር ቢሆን የግድግዳው ዙሪያ 2 × 3.14 × 3 = 18.84 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት ደግሞ 3.14 × 3 × 3 = 28.26 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚያው 18.84 ሜትር ዙሪያ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ቤት ብንሠራ፣ እያንዳንዱ ጎን 4.71 ሜትር፣ ስፋቱም 22.18 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። እኩል ዙሪያ ካላቸው ቅርጾች ሁሉ ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ክብ ነውና፣ እንጨቱን ከሩቅ ተሸክሞ ለሚያመጣ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

2ኛ. ቀጥ ያለ ማዕዘን

የ12 ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን አገናኝታችሁ፣ በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ከፍላችሁ በሦስት ችካል ወጥሩት። 9 + 16 = 25 ስለሆነ፣ ከ5 ሜትሩ ጎን ፊት ለፊት ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሆናል። ይህን ዝምድና የባቢሎን ሰዎች ከፓይታጎረስ ከ1000 ዓመት በላይ አስቀድመው ያውቁት እንደነበር የሸክላ ጽላቶቻቸው ይመሰክራሉ።

3ኛ. የአግድሞሹ ልክ

እኛ የሳትነው እዚህ ላይ ነበር። ተቃራኒ ጎኖች እኩል መሆናቸው ቅርጹ ጎነ ትይዩ መሆኑን እንጂ ማዕዘኖቹ ቀጥ ማለታቸውን አያረጋግጥም። በ6 በ4 ሜትር መሠረት ላይ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን የሚሳቡት ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 7.21 ሜትር ያህል መሆን አለባቸው። አንዱ 7.50፣ ሌላው 6.91 ሜትር ቢሆን ጎኖቹ ሳይለወጡ ቤቱ ተንሻፏል ማለት ነው።

ትምህርቱ ሲሰጥ ተማሪዎቹ አስቀድመው ይገምቱ፤ ቀጥሎ ይለኩ፤ በመጨረሻ «ለምን?» ተብለው ይጠየቁ። ገመድ ይሳባል፣ እጅም ይሳሳታልና ልኬት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ስለሆነም መጽሐፉ ይከተል እንጂ አይቅር። በአካባቢው አናጢ ወይም ግንበኛ ካለ ተጋብዞ አሠራሩን ቢያሳይ፣ ልጆቹ የእጅ ሙያን ማክበርም አብረው ይማራሉ።

ለመለማመጃ፦ በቁምስናችሁ ግቢ የ8 በ5 ሜትር መሠረት በችካልና በሲባጎ አውጡ። አግድሞሹ ስንት ይሆናል? አስልታችሁና ለክታችሁ ሁለቱም 9.43 ሜትር ያህል ከመጣላችሁ፣ ቴዎረሙ ከደብተር ወጥቶ መሬት ላይ ቆሟል።